ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከመጠጥ ለመውጣት ግሩፕ ስፈልግ ያየሁት

ይሄን የምጽፈው ለሁሉም ነው ግን በተለይ ለሴቶች፣ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ማታ ሠርተን ጠዋት ቤት ገብተን መጋረጃ ዘግተን ለምንጠጣው። አለን፣ ብዙ ነን። ወንድ ሲጠጣ ሰው ያየዋል፣ ይመከራል፣ ይቆጡታል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። ሴት ግን ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትጠጣው፣ ማንም አያውቅም፣ ማንም ስለማያውቅ ደግሞ ማንም አይደርስላትም። እኔ ለዓመታት እንደዛ ነበርኩ። አሁን በእግዚአብሔር ቸርነት ወጥቻለሁ፣ እግዚአብሔር የረዳኝ ደግሞ በሰዎች በኩል ነው፣ የቤተክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ ወንበር ደርድረው ክብ ሠርተው በሚቀመጡ ሰዎች በኩል። እነሱን እስካገኝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ እናንተ ላይ ያን ያህል እንዳይፈጅ ብዬ ነው።

ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ነው፣ ሲኤንኤ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ፣ በአሜሪካ ሰዓት ማታ 11 ገብቼ ጠዋት 7 እወጣለሁ። ቤት ስደርስ ሰውነቴ ሞቷል ጭንቅላቴ ግን አይተኛም፣ ውጪ ፀሐይ ነው፣ ጎረቤት ሳር ያጭዳል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ እና ለእንቅልፍ ብዬ አንድ ብርጭቆ ወይን ጀመርኩ። ለእንቅልፍ የሚለው ነገር አታሏችሁ እንዳይቀር፣ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እውነት ነው ግን ከተኛችሁ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ልብ እየመታ ያስነሳል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ ያስፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብርጭቆው ጠርሙስ ሆነ። እኔ «አንድ ወይን» እያልኩ ነበር የምቆጥረው፣ በኋላ የሄድኩባት ሐኪም ስታስረዳኝ ግን አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እዚህ አገር በሚቆጠርበት መንገድ 5 መጠጥ ነው፣ ለሴት ደግሞ በሳምንት 8 እና ከዛ በላይ ከሆነ ከባድ አጠጣጥ ነው የሚሉት። እኔ የሳምንቱን በሁለት ቀን ነበር የምጨርሰው።

ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ የተዘጋጀ ነበር፣ ሁዳዴ። ሱስ ቢኖርብኝ 55 ቀን ሙሉ እንዴት እተዋለሁ እል ነበር፣ እውነትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እተው ነበር። ይሄን መልስ ከኔ ሌላ ስንት ሐበሻ ሲለው ሰምቻለሁ። ግን እባካችሁ ጾሙን ሳይሆን የፋሲካን ሌሊት እዩት። ሰው በጾም ቆይቶ ሲፈታ ዶሮ ይናፍቀዋል፣ እኔ የሚናፍቀኝ ጠርሙሱ ነበር፣ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ነበር የምከፍተው፣ ከሆሳዕና ጀምሮ ገዝቼ አስቀምጬው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ደግሞ ጾሙ እንደገባ በሁለተኛው ቀን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አልጋዬ በላብ ራሰ፣ ፈራሁና ጠጣሁ፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። በዛ ቀን ነው ነገሩ ሌላ እንደሆነ የገባኝ፣ ለሰው ግን አልተናገርኩም።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ ምክንያቱም ሕይወት ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ በራሱ ማቆም የለበትም። ላቡና መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥለው አለ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የት እንዳለ የሚጠፋበት አለ፣ ሰው ይሞትበታል። ሐኪም ቤት ግን መድኃኒት አለው፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣሉ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡና ቀስ እያሉ ይቀንሱታል። አገር ቤትም ሰው ይዛችሁ ጸበል ስትሄዱ ይሄን አስቡ፣ መጠጥ በድንገት የተቋረጠበት ሰው ሲንቀጠቀጥና ሲወድቅ ሁሉም መንፈስ ነው ብሎ ዝም ሊለው ይችላል። ጸበሉን ተዉ አላልኩም እኔም እጠመቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት አታስጥሉት።

እኔን ያተረፈችኝ አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት ነርስ ናት። አንድ ሌሊት ሥራ ቦታ ሜዲኬሽን ሩም ውስጥ ጠራችኝና «ትናንት መጠጥ መጠጥ ሸተሽ ነበር፣ ዛሬም ሸተሻል፣ ለሱፐርቫይዘር አልናገርም ግን ጠዋት ከዚህ ወጥተሽ ሐኪምሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ እኔ እወስድሻለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችኝም፣ አላባበለችኝም። ጠዋት ፓርኪንግ ላይ መኪናዋን አስነስታ ጠበቀችኝ።

ሐኪሟ 10 ጥያቄ ያለው ፎርም ሰጠችኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፣ ኦዲት ይሉታል፣ በምን ያህል ጊዜ ትጠጫለሽ፣ ከጀመርሽ ማቆም አቅቶሽ ያውቃል፣ ጠዋት ተነስተሽ ለመንቃት ጠጥተሽ ታውቂያለሽ እያለ ይጠይቃል። እውነቱን ሙሉ። ሐኪም ፊት ግማሹን ብቻ የምንናገር ከሆነ የሚሰጡን ሕክምናም ለግማሹ ነው የሚሆነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ቢሆን ያገናኟችኋል፣ አማርኛ ደግሞ እዚህ አካባቢ በደንብ ይገኛል። ልጃችሁን ወይ የአክስታችሁን ልጅ ይዛችሁ አትግቡ፣ በልጅ ፊት ይሄን ሁሉ የሚናገር ሰው የለም።

ሥራዬን አጣለሁ፣ ላይሰንሴ ይነካብኛል ብዬም ፈርቼ ነበር። የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌደራል ሕግ ለብቻው የተጠበቀ ነው፣ ሕክምናውን የሚሰጠው ቦታ ያለ ፈቃዳችሁ ለአሠሪ አውጥቶ አይሰጥም። ለሕክምና ከሥራ መቅረት ካስፈለገ ደግሞ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው ሕግ አለ፣ 50 ሠራተኛና ከዛ በላይ ያለው ቦታ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሰዓቱን ካሟላ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ቀርቶ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል፣ ኤችአር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል) ጋ ስትሄዱ «የሕክምና ፈቃድ» ማለት ይበቃል፣ ዝርዝሩን ሐኪሟ ናት የምትሞላው። ሥራ ላይ ጠጥቶ መገኘት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሕጉ ከዛ አያድንም፣ ስለዚህ ሳይደርስ ነው መሄድ።

ዲቶክስ፣ ማለትም መጠጡ ከሰውነት እስኪወጣ በሐኪም ክትትል የሚቆዩበት ቦታ፣ ጥቂት ቀናት ነው የቆየሁት። ስወጣ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒን ጻፉልኝ፣ ጠቅሞኛል፣ እናንተም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሐኪሟ ግን «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃሽም፣ ሰው ያስፈልግሻል፣ ግሩፕ ፈልጊ» አለችኝ። ግሩፕ ስትል ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ያለችው እንደ ኤኤ ያለውን ነው። ኤኤ ማለት አልኮሊክስ አኖኒመስ ነው፣ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ስብስብ፣ በ1935 ኦሃዮ አክረን ከተማ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች፣ አንዱ የዎል ስትሪት ሰው አንዱ ሐኪም፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ መጠጣት ስላቆሙ የተጀመረ ነው። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባ የለውም፣ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ወረቀት አላችሁ የላችሁም የሚል የለም። ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መሃል ላይ ቅርጫት ይዞራል፣ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፣ አዲስ ሰው ባይጥል ማንም አያየውም። አዳራሹ የቤተክርስቲያን ቢሆንም ቤተክርስቲያኑ አያስተዳድረውም፣ ክፍሉን ተከራይተው ነው፣ ስለዚህ ሃይማኖቴን ያስቀይሩኛል ብላችሁ አትፍሩ። እዚህ አካባቢ ለዲሲና ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ የሚባለው የኤኤ ቢሮ የስብሰባዎቹን ዝርዝር ያወጣል፣ ስልካችሁ ላይ ደግሞ ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የኤኤ አፕ በነፃ አውርዱ፣ ያላችሁበትን ቦታ አይቶ በቅርብ ያለውን በቀንና በሰዓት ያሳያችኋል።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የመጀመሪያው ጋ የሄድኩት። ሆን ብዬ ሐበሻ የማይኖርበት ሩቅ ቦታ መረጥኩ፣ 40 ደቂቃ ነዳሁ፣ ማታ ነበር፣ ትልቅ አዳራሽ፣ አብዛኛው ወንድ፣ አንዱ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ሕይወቱ በፍጥነት ያወራል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ ቀልዱ አልገባኝም፣ ስለ እስር ቤት ያወራል፣ እኔ ታስሬ አላውቅም። እነዚህ የኔ ሰዎች አይደሉም አልኩ። ሳያልቅ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ሊከር ስቶር ነበር፣ ገባሁ። ከዛ በኋላ ለወራት ተመልሼ አልሄድኩም፣ ኤኤን ሞክሬው አልሠራልኝም እያልኩ።

አሁን ሳስበው አንድ ስብሰባ አይቶ ኤኤን አየሁ ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። ስፒከር የሚሉት አንድ ሰው የሚናገርበት ነው፣ ዲስከሽን ሁሉም በተራው የሚናገርበት ነው፣ መጽሐፍ የሚነበብበት አለ፣ የሴቶች ብቻ አለ፣ የወንዶች ብቻ አለ። ኦፕን የተባለው ለማንም ክፍት ነው፣ እህታችሁን ወይ ጓደኛችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ክሎዝድ የተባለው ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። የኔ ምክር ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያየ ስብሰባ ሳታዩ አትፍረዱ። እንግሊዝኛችሁ ካልጠነከረ ትንንሹን ዲስከሽን ምረጡ፣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ተራችሁ ሲደርስ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ካላችሁ ያልፏችኋል።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀን ላይ ነው፣ ምክንያቱ ቅርብ ስለነበር ብቻ ነው፣ ሩቅ ለመንዳት አቅም አልነበረኝም። ገብቼ ልቀመጥ ስል ፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል፣ ሐበሻ ናቸው። ደሜ ቀጥ አለ። እሳቸውም አይተውኛል። በቃ አለቀልኝ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ወጣሁ። ቀስ ብለው ተከተሉኝ፣ ራቅ ብለው ቆሙና «ልጄ፣ አትደንግጪ። እኔ ያንቺን ባወራ የኔንም እያወራሁ እኮ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ተመልሰው ገቡ፣ እኔም ትንሽ ቆሜ አልቅሼ ተመልሼ ገባሁ።

ሐበሻ ያየኛል ብላችሁ ለምትቀሩ ሁሉ የሳቸውን ቃል ልንገራችሁ ብዬ ነው። እዛ ክፍል ውስጥ የሚያያችሁ ሐበሻ እዛ የመጣው እናንተን ባመጣው በዛው ምክንያት ነው። ኤኤ ውስጥ ደግሞ ማን እንደመጣና ምን እንዳለ ውጪ አይወራም፣ የአያት ስም የሚጠይቅ የለም። ከስብሰባው በኋላ «ጋሼ» ብዬ ሄጄ አመሰገንኳቸው። ለሴት ሴት ይሻላታል፣ እዚሁ ጠዋት ጠዋት የሴቶች አለ፣ እዛ ሂጂ አሉኝ። ስልኬን አልጠየቁኝም። ይሄንንም ልብ በሉ፣ አዲስ የመጣች ሴትን ስልክ ስጪኝ፣ ልሸኝሽ እያለ የሚያስቸግር ወንድ ቢያጋጥማችሁ ትታችሁ ወደ ሴቶቹ ሂዱ።

የሴቶቹ ስብሰባ ነው ሕይወቴን የቀየረው፣ ትልቁ ምክንያት ደግሞ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ነበር፣ ማለትም እኔ ከሥራ ወጥቼ የምጠጣበት ሰዓት። ግሩፕ ስትመርጡ ከምንም በፊት ይሄን አስቡ፣ የምትጠጡበት ሰዓት ስንት ነው? ማታ የሚጠጣ ሰው የማታውን ይምረጥ፣ ቅዳሜ የሚጠጣ የቅዳሜውን። ያ ሰዓት ባዶ ከሆነ መጠጡ ይሞላዋል። እኔ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር በቀጥታ ነበር የምሄደው፣ ቤት ከገባሁ እንደማልወጣ አውቃለሁ። ሁለተኛው ቅርበት ነው፣ በእግር ወይ በአንድ ባስ የሚደረስ ይሁን፣ የደከማችሁ ቀን ነው ግሩፑ በጣም የሚያስፈልጋችሁ፣ የደከማችሁ ቀን ደግሞ ሩቅ አትሄዱም።

እንደገባሁ አንዲት ሴትዮ ቡና ሰጠችኝ፣ ሌላዋ የስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጠችኝ፣ እነዚህን ሴቶች በማንኛውም ሰዓት ደውይላቸው አለችኝ። ይሄን ወረቀት እንደ ጨዋነት አትዩት፣ የምር ደውሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ፣ ስሰማው አባታችን ሆይ ነው፣ በእንግሊዝኛ። እኔ በልቤ በአማርኛ ደገምኩት። ሁሉም ቦታ ይሄን ጸሎት አይሉም፣ ሌላ አጭር ጸሎት የሚሉም አሉ፣ 12ቱ ደረጃዎች በሚባሉት፣ ኤኤ ውስጥ አንድ በአንድ በሚሠሩት የመውጫ እርምጃዎች ላይም፣ እግዚአብሔር ሲባል እያንዳንዱ እንደሚያውቀው ነው የሚባለው፣ ሙስሊም እህቶችም ከኛ ጋር ይቀመጣሉ። በፍጹም ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነገር አልፈልግም የምትሉ ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል አለ፣ ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱ ሐሳብንና ልማድን መቀየር ላይ ነው የሚያተኩረው፣ ብዙ የኦንላይን ስብሰባም አለው። ልጅ ጥሎ መውጣት ለማይቻላችሁ ኤኤም በዙም አለ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈም በኋላ ብትፈልጉ የሆነ አገር ላይ ስብሰባ ይኖራል።

ስፖንሰር ማለት ከናንተ ቀድማ ያቆመች፣ ደረጃዎቹን አብራችሁ የምትሄድ ሰው ናት። የኔዋ ጡረታ የወጣች የባስ ሹፌር ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ስለ ሐበሻ የምታውቀው እንጀራን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ባህላችንን አታውቅም እንዴት ትረዳኛለች ብዬ ነበር። ረዳችኝ። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ እደውልላታለሁ፣ «ዛሬ እንዴት ነሽ» ትለኛለች፣ ደህና ነኝ ስላት «ደህና የሚለውን ተይው፣ እውነቱን ንገሪኝ» ትለኛለች። እኛ እንኳን ለሰው ለራሳችንም ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ነው የምናልፈው፣ እኔ እውነቱን መናገር የተማርኩት እዛ መኪና ውስጥ ነው።

ከባዱ ነገር ድግሳችን ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ልቅሶ ቤት እንኳን ቢራ አለ፣ ከአገር ቤት የመጣ አረቄ ደግሞ «ይሄን ብቻ ቅመሺ» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት መቅረት ከቻላችሁ ቅሩ፣ ስጦታችሁን ላኩ፣ ደውላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ በሉ፣ ማንም አይሞትም። ካልቀረ ግን በራሳችሁ መኪና ሂዱ፣ ምግብ በልታችሁ ሂዱ፣ እንደገባችሁ አምቦ ውሃ ወይ ለስላሳ ያዙ፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው የሚቀዳለት። አልጠጣም ስትሉ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፣ መድኃኒት ላይ ነኝ በሉ፣ ሐበሻ መድኃኒት ሲባል ያከብራል። እኔ አንድ ሰርግ ላይ ለቶስት ነው ተብሎ ብርጭቆ ተሰጠኝና ጠጣሁ፣ ከዛ በኋላ ለቀናት ጠጣሁ። አፍሬ ልቀር ስል ስፖንሰሬ ቤቴ በር ላይ መጣች። ተመልሼ ስገባ ማንም ምን ነካሽ አላለኝም፣ እንኳን መጣሽ ነው ያሉኝ። ጠጥታችሁ ከሆነ በማግስቱ ሂዱ፣ ሳምንት አትጠብቁ።

ለባሎች፣ ለእህቶች፣ ለእናቶች ደግሞ አል-አኖን የሚባል አለ፣ ከ1951 ጀምሮ ለጠጪው ቤተሰብ የተቋቋመ፣ እሱም በነፃ ነው። ጠርሙስ መድፋት፣ ቁልፍ መደበቅ፣ በታቦት ማስማል እንደማይሠራ እዛ የሄዱት ይነግሯችኋል። ታላቅ እህቴ መሄድ ከጀመረች በኋላ ሌላ ሰው ሆነችልኝ፣ መጮህ ተወች። የት እንደምትጀምሩ ግራ የገባችሁ 1-800-662-4357 ደውሉ፣ የፌደራል መንግሥት ስልክ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ ስም አይጠይቁም፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆነ የሚመልሱት እንግሊዝኛ የሚችል የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ 988 ደውሉ፣ በስልክ አስተርጓሚ ማግኘት ይቻላል። ሮክቪል ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክራይሲስ ሴንተርም ሌትና ቀን ክፍት ነው።

የመጨረሻው፣ በአማርኛ መነጋገር ስለናፈቀን የጀመርነው ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ስለ መጠጥ ማውራት እችላለሁ፣ ስለ እናቴ ግን አልችልም፣ ስለ ጸጸቴ አልችልም። ጋሼ ፈቃዷን ጠይቀው አንዲት ቨርጂኒያ ያለች እህት አገናኙኝ፣ ሁለታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በስልክ ማውራት ጀመርን፣ በኋላ ሌሎች ተጨመሩ። ኤኤ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ለማቆም ብሎ ከተሰበሰበ ግሩፕ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ የማንንም ፈቃድ አልጠበቅንም። ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ አለን፣ ተረኛዋ ትደውላለች፣ ሰዓት ትጠብቃለች። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ካሜራ አይከፈትም፣ የክርስትና ስም መጠቀም ይቻላል፣ እያንዳንዷ አምስት ደቂቃ ታወራለች፣ አንዷ ስታወራ ሌላዋ አትገባም፣ ስትጨርስም ምክር አንሰጣትም፣ ምክር ከፈለገች ራሷ በኋላ ለአንዷ ትደውላለች። ይሄ የምክር ነገር ለኛ ለሐበሾች በጣም ይከብዳል፣ ሰው ሲያለቅስ «አይዞሽ እንዲህ አድርጊ» ሳንል መቀመጥ አንችልም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት። በየሳምንቱ በአካል የምንሄድበትን የሰፈራችንን ስብሰባ ግን ማናችንም አላቆምንም፣ የስልኩ ተጨማሪ ነው። ሲያትልም ሆነ ቴል አቪቭ ወይ ዱባይ ያላችሁ፣ አንዲት የምታምኗት ካገኛችሁ በዚህ እሁድ መጀመር ትችላላችሁ።